ዶን ዬንኮ፤ የመኪና ሻጩና የትዕዛዙ ወረቀት

የአውቶሞቢል ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ስማቸው ከፊት የሚሰለፈው የፋብሪካ መሥራቾችና የሞተር ፈልሳፊዎች ናቸው። በፋብሪካውና በገዢው መካከል የቆመው ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። የእርሱ ተግባር ተሠርቶ የመጣውን ተቀብሎ መሸጥ፣ የተበላሸውን በጋራዡ አስጠግኖ ለባለቤቱ መመለስ ብቻ እንደሆነ ይታሰባል። በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ ካነንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሸቭሮሌት መኪና ሻጭ የነበረው ዶን ዬንኮ ግን ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የማይስማማ የሥራ ታሪክ ትቶ ያለፈ ሰው ነው።

ዬንኮ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፋብሪካው የሽያጭ ዝርዝር ውጭ የሆኑ፣ ጉልበታቸው ከተራ መኪና እጅግ የላቀ ጥቂት መቶ መኪናዎችን ለገበያ አቀረበ። አሜሪካውያን አካሉ መካከለኛ፣ ሞተሩ ግን ታላቅ የሆነውን ይህን ዓይነት መኪና ባለጡንቻ መኪና ሲሉ ይጠሩታል። የዬንኮን ስም የያዙት መኪናዎች ዛሬ በጨረታ አዳራሽ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። ለሙያው ባልደረቦች ግን ከዋጋቸው ይልቅ የተሠሩበት መንገድ የበለጠ ትምህርት አለው። የዚህ ሰው የሥራ ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም በፋብሪካ ተመጥኖ በወጣ መኪና ላይ ጉልበት ሲጨመር፣ ለተጨመረው ጉልበት ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው።

የነጋዴ ልጅ

ዶናልድ ፍራንክ ዬንኮ ሜይ 27 ቀን 1927 በፔንሲልቬንያ፣ ቤንትሊቪል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንክ ዬንኮ፣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ክፉኛ ወድቆ በነበረበት ዘመን፣ በ1934 የሸቭሮሌት መሸጫ ከፈቱ። በ1949 ደግሞ ሥራቸውን ወደ ካነንስበርግ አስፋፉ። ካነንስበርግ ከፒትስበርግ በስተደቡብ ምዕራብ፣ የድንጋይ ከሰልና የብረታ ብረት ሥራ በተስፋፋበት አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ስለዚህም ልጁ ያደገው በጋራዡና በሽያጭ ደብተሩ መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ፍጥነትን የተዋወቀው ግን በምድር ላይ ብቻ አልነበረም። ገና በ16 ዓመቱ የአውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ አገኘ። በአሜሪካ አየር ኃይል አገልግሏል፤ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተምሯል። ከዚያ በኋላ ወደ አባቱ ንግድ ተመልሶ በ1957፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ የሸቭሮሌት መኪናዎች ለውድድር የሚዘጋጁበትን ክፍል በመሸጫው ውስጥ አቋቋመ። ራሱም ኮርቬት የተባለችውን የስፖርት መኪና እየነዳ ይወዳደር ጀመር። በ1962ና በ1963 በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ሥር በሚካሄደው ውድድር በክፍሉ ብሔራዊ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።

ይህ የውድድር ዓይነት ለኋለኛው ሥራው ትምህርት ቤት ሆነለት። በክለቡ ደንብ መሠረት ለውድድር የሚቀርበው መኪና ለሕዝብ በሽያጭ ላይ የዋለ መሆን አለበት። ምን መለወጥ እንደሚቻልና እንደማይቻል፣ ስንት መኪና መሠራት እንዳለበት በዝርዝር ተጽፏል። በመሆኑም ለማሸነፍ የሚሻ ሰው መሪ ከመያዙ በፊት ደንብ ማንበብ ነበረበት። ዬንኮ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የተሻለ አንባቢ መሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታየ።

መቶዎቹ ነጫጭ መኪናዎች

በ1963 መጀመሪያ ላይ የሸቭሮሌት ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ፣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከመኪና ውድድር እንዲታቀቡ ወሰነ። ተቀናቃኙ ፎርድ ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ካሮል ሼልቢ የተባለው የቀድሞ ተወዳዳሪ ያዘጋጃቸው ሙስታንጎች በ1965 በየውድድር ሜዳው ኮርቬቶችን መቅደም ጀመሩ። ዬንኮም ፋብሪካው የማይሰጠውን መልስ ራሱ ለመፈለግ ተነሣ።

መልሱን ያገኘው ብዙዎች ባልጠበቁት መኪና ነው። ኮርቬር የሸቭሮሌት ትንሽ መኪና ስትሆን፣ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠና በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ክለቡ ይህችን መኪና ከስፖርት መኪና ጎራ ለመመደብ የኋላ መቀመጫዋ እንዲነሣ፣ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ድረስም 100 መኪናዎች ተሠርተው እንዲገኙ ጠየቀ። ዬንኮ 100 ነጫጭ ኮርቬሮችን በልዩ ትዕዛዝ ከፋብሪካ አስመጥቶ፣ ሞተራቸውን አሻሽሎና ሰማያዊ መስመር አስቀብቶ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ አጠናቀቀ። ስቲንገር፣ ማለትም ነዳፊ፣ የሚል ስም አወጣላቸው። እንደ ገዢው ፍላጎት በየደረጃው ተዘጋጅተው ከ160 እስከ 240 የፈረስ ጉልበት እንዲኖራቸው ተደረገ። በ1967 ጄሪ ቶምሰን የተባለው ተወዳዳሪ በስቲንገር የክፍሉ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያው በ1965 መጨረሻ ራልፍ ናደር የተባለው የሕግ ባለሙያ የአሜሪካ መኪናዎችን የደኅንነት ጉድለት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚከሰው ኮርቬርን ነው። ክሱ ያተኮረው ቀደም ባሉት ዓመታት በተሠሩት ሞዴሎች የኋላ ጎማ አያያዝ ላይ ሲሆን፣ ሸቭሮሌት ለ1965 ሞዴል ይህን ክፍል እንደገና ነድፎት ነበር። ይሁን እንጂ የመኪናዋ ስም አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ ገበያዋ አላገገመም፤ በ1969ም ምርቷ ቆመ። አንዲት መኪና በአንድ በኩል የአደጋ ምሳሌ፣ በሌላ በኩል የድል መሣሪያ ሆና በአንድ ዘመን መታየቷ፣ የመኪና ጠባይ በአንድ ክፍል አነዳደፍና አዘገጃጀት ምን ያህል እንደሚለወጥ ያስረዳል።

የ400 ኪዩቢክ ኢንች ወሰን

በ1966 መስከረም ሸቭሮሌት ለሙስታንግ መልስ የሆነችውን ካማሮን ለገበያ አወጣ። ካማሮ ቀላል፣ ለዓይን የምትማርክና ወጣቶች የሚችሉት ዋጋ ያላት መኪና ነበረች። ችግሩ ከበላይ አካል የመጣ ወሰን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ከኮርቬትና ከትልልቆቹ መኪናዎች በቀር በሌሎቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ6.6 ሊትር ገደማ የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ካማሮ ልትይዝ የምትችለው ትልቁ ሞተር 396 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ነው። 427 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7 ሊትር የሆነው ሞተር ግን በዚያው በሸቭሮሌት መጋዘን ውስጥ ነበር። በፋብሪካው መግለጫ መሠረት ጉልበቱ 425 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ በውጫዊ መጠኑ ከ396ቱ ጋር ስለሚመሳሰል በካማሮ ኮፈን ሥር ሊገባ ይችል ነበር።

በወሰኑ የተከፋው ዬንኮ ብቻ አልነበረም። በቺካጎ ኒኪ ሸቭሮሌት፣ በካሊፎርኒያ ዳና ሸቭሮሌት፣ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ባልድዊን ሸቭሮሌት ሞሽን ከተባለ ጋራዥ ጋር ተባብሮ፣ ሁሉም ሞተር እያወጡ ትልቅ ሞተር ያስገቡ ነበር። ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ሻጮችም መካከል በሚሺጋን የሮያል ፖንቲያክ፣ በሮድ አይላንድ የታስካ ፎርድ፣ በቺካጎ የግራንድ ስፖልዲንግ ዶጅ ስም በዚሁ ረገድ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና ሻጭ ከነጋዴነት አልፎ የጋራዥ መሐንዲስ እየሆነ ነበር ማለት ነው።

ዬንኮ በ1967 ይህንኑ መንገድ ያዘ። ካማሮዎችን ገዝቶ የመጣውን ሞተር በማውጣት 427ቱን ገጠመ። በ1968 ደግሞ ባለ396 ሞተር መኪናዎችን እያስመጣ ሞኖብሎኩን ከነፒስቶኑ በመለወጥ ቴስታታውንና ካርቡራቶሩን መልሶ ይገጥም ጀመር። በእያንዳንዱ ዓመት የተሠሩት መኪናዎች ከ50 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ይገመታሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ በሌሎች ግዛቶች ባሉ ሸቭሮሌት ሻጮች በኩል ይሸጡ ነበር።

ይህ አሠራር ግን ሁለት ከባድ ጉድለቶች ነበሩት። አንደኛው የጉልበት ብክነት ነው። አዲስ መኪና ፈትቶ አዲስ ሞተር ማውጣትና ሌላ አዲስ ሞተር ማስገባት የሠራተኛ ጊዜና የጋራዥ ቦታ ይበላል፤ የወጣውም ሞተር ገዢ ይፈለግለታል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ፋብሪካው ዋስትና የሚሰጠው ራሱ ለገጠመው ሞተር ነው። ሻጩ በገጠመው ሞተር ኩሽኔታ ቢነድ ወይም ካምቢዮ ቢሰበር ገዢው የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ሻጩ ነው። ለተጨመረው ጉልበት ፊርማውን ያኖረው እርሱ ብቻ ነበርና።

ከታክሲ ትዕዛዝ ወደ ኃይለኛ ሞተር

ዬንኮ ከሌሎቹ ሻጮች የተለየው ይህን ጉድለት ለማስወገድ በወሰደው እርምጃ ነው። ሸቭሮሌት የማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የምርት ትዕዛዝ የሚባል፣ በምኅጻረ ቃል ኮፖ በመባል የሚታወቅ አሠራር ነበረው። አሠራሩ የተቋቋመው ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ለሚገዙ ድርጅቶች ነው። የታክሲ ማኅበር ጠንካራ መቀመጫ፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤት ከባድ ፍሬን፣ አንድ ኩባንያ የራሱ የሆነ ቀለም ቢፈልግ፣ ጥያቄው በተራው የሽያጭ ዝርዝር በኩል ሳይሆን በዚህ መንገድ ይስተናገዳል። ስለ ሞተር መጠን የወጣው ክልከላ የሚጠብቀው ተራውን የሽያጭ ዝርዝር ነበርና፣ የኮፖ መንገድ ለታላቅ ሞተር ክፍት ሆኖ ተገኘ። በሸቭሮሌት ውስጥ የውድድር መኪናዎችን ጉዳይ በቅርብ ይከታተል የነበረው መሐንዲስ ቪንስ ፒጊንስም የዚህ አሠራር ዋነኛ ደጋፊ ነበር።

ለ1969 ሞዴል ዓመት ዬንኮ ባለ427 ሞተር ካማሮዎችን በኮፖ ቁጥር 9561 አዘዘ። ሞተሩ በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የኖርዉድ ፋብሪካ፣ በመደበኛው የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ተገጠመ። የዚያን ዓመት የዬንኮ ካማሮዎች ቁጥር 200 ገደማ ይደርሳል። ከነርሱ ጋር 99 ሸቬል የተባሉ መካከለኛ መኪናዎችም ተሸጠዋል።

ትዕዛዙ ሞተር ብቻ የሚጠይቅ አለመሆኑ ለሙያተኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለከባድ ሥራ የሚሆን ራዲያተር፣ 4.10 የጥርስ ምጣኔ ያለው ጠንካራ ዲፈረንሲያል፣ የፊት ዲስክ ፍሬንና አየር የሚያስገባ ኮፈን አብረው ታዝዘዋል። በሌላ የኮፖ ቁጥር፣ በ9737፣ ወፍራም ስታብላይዘርና እስከ 140 ማይል፣ ማለትም እስከ 225 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚያነብ የፍጥነት ማመልከቻ ተጨምሯል። ጉልበት ሲያድግ የማቀዝቀዣው፣ የማስተላለፊያውና የፍሬኑ አቅም አብሮ እንዲያድግ ተደርጓል ማለት ነው። ለካነንስበርግ ጋራዥ የቀረው ሥራ በአመዛኙ መስመሩን፣ የስሙን ምልክትና ገዢው የሚመርጣቸውን ተጨማሪ ዕቃዎች መለጠፍና መግጠም ሆነ። ዬንኮ ጉልበቱን 450 ነው ብሎ ይሸጥ ነበር። በዚያው በ1969 ከነዚህ መኪናዎች አንዱ የውድድር ጎማ ተገጥሞለት በፔንሲልቬንያ፣ ዮርክ በተባለ ቦታ ሩብ ማይሉን፣ ማለትም 402 ሜትሩን፣ በ11.94 ሰከንድ ጨረሰ።

የኮፖን በር ያንኳኳው እርሱ ብቻ አልነበረም። በኢሊኖይ ግዛት ላ ሃርፕ የምትባል ትንሽ ከተማ ሻጭ የነበረው ፍሬድ ጊብ፣ ሞኖብሎኩ ሳይቀር ከአሉሚኒየም የተሠራ 427 ሞተር የያዙ 50 ካማሮዎችን በቁጥር 9560 አዘዘ። ሞተሩ ለውድድር የተሠራ ድንቅ ሥራ ነበር። መኪናዎቹ ሲደርሱ ግን የአንዱ ዋጋ ከ7,000 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ሞኖብሎኩ ከጊዛ የተሠራው የዬንኮ ካማሮ ግን በ4,000 ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር። ጊብ አብዛኞቹን ለመሸጥ ስላልቻለ ተመልሰው ለሌሎች ሻጮች እንዲከፋፈሉ ሆነ። በጠቅላላው የተሠሩት 69 ብቻ ናቸው። የሁለቱ ሻጮች ዕድል ሲነጻጸር፣ የዬንኮ ብልኅነት የመጨረሻውን ጉልበት በመፈለግ ሳይሆን ገዢው ሊከፍለው የሚችለውንና ፋብሪካው ሊፈርምበት የሚችለውን በመምረጥ ላይ እንደነበረ ግልጽ ይሆናል።

ወሰኑን ያለፈችው ኖቫ

የዬንኮ ታሪክ ግን የስኬት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1969 ያንኑ 427 ሞተር ከካማሮም ይልቅ ተራና ርካሽ በሆነችው በኖቫ ላይ ገጠመ። ይህ ሥራ በፋብሪካ መስመር የተሠራ አልነበረም፤ እንደ ቀድሞው ሁሉ ሞተር በማውጣትና በማስገባት በካነንስበርግ የተከናወነ ነው። የተሠሩት ከ40 አይበልጡም። መኪናዋ ለቤተሰብ አገልግሎት የታሰበች ስትሆን፣ የተጫነባት ጉልበት ግን ለውድድር ሜዳ የሚገባ ነበር። ዬንኮ ራሱ ኋላ ላይ መኪናዋ ለመንገድ አደገኛ እንደነበረች አልሸሸገም። ብዙ የገዛ የውድድር ልምድ ያለው ሰው የራሱን ዕቃ እንዲህ መመዘኑ ለስሙ የሚጎዳ ሳይሆን የሚጠቅም ምስክርነት ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ዳኛ ተነሣ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በወጣቶች እጅ ያሉ ኃይለኛ መኪናዎች የሚያደርሱትን ጉዳት እያሰሉ የዓረቦን ክፍያውን ከፍ አደረጉ። ለብዙ ወጣት ገዢዎች የኢንሹራንሱ ክፍያ ከመኪናው ወርኃዊ ክፍያ ያላነሰ ጭንቀት ሆነ። ዬንኮ ለ1970 ያቀረበው መልስ ዲውስ የተባለችው ኖቫ ናት። የሞተሯ መጠን 350 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ ስትታይ ከተራ መኪና አትለይም። ሆኖም ሞተሩ ለኮርቬትና ለተመረጠው የካማሮ ሞዴል የተሠራው፣ 360 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ይህችም እንደ ካማሮዎቹ በኮፖ ትዕዛዝ በፋብሪካ ተሠርታ የመጣች ሲሆን፣ 175 ተሸጠዋል። ከኖቫ 427 ጋር ስትነጻጸር ወደ ልከኝነት የተመለሰች መኪና ናት። ነገር ግን የኢንሹራንሱን መዝገብ ለማለፍ የተሰላች መሆኗም አይካድም። የዬንኮ ብልኅነት ደንብን በማክበርና በደንብ ቀዳዳ በመሽሎክ መካከል እንደቆመ በዚህች መኪና ይታያል።

ዘመኑ ሲለወጥ

የ1970 ሞዴል ዓመት ለዬንኮ ሥራ መጥፊያ የሆነው በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ነው። በአንድ በኩል ጄኔራል ሞተርስ የ400 ኪዩቢክ ኢንቹን ወሰን ራሱ አነሣና እንደ ሸቬል ባሉ መኪናዎች ላይ 454 ኪዩቢክ ኢንች የሚደርስ ሞተር መግጠም ጀመረ። ማንም ሰው ከማንኛውም ሻጭ ሊያዝዘው የሚችል ነገር ሲመጣ፣ በስውር በር የሚመጣው ተፈላጊነቱ ቀነሰ። በሌላ በኩል ኢንሹራንሱና የአየር ብክለት ሕጉ ጠቅላላውን የኃይለኛ መኪና ገበያ ያጠብቡ ጀመር።

ዬንኮ ከዘመኑ ጋር ለመሄድ ሞክሯል። በ1971 ቬጋ በተባለችው ትንሽ የሸቭሮሌት መኪና ላይ ተርቦ ገጥሞ ለመሸጥ አሰበ። በአዲሱ ሕግ መሠረት ግን በሞተር ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያደርግ ሁሉ መኪናውን 50,000 ማይል አስኪዶ የጭሱን ንጽሕና ማረጋገጥ ነበረበት። ይህ ለአንድ ሻጭ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህም መኪናዋን ያለ ተርቦ ሸጦ፣ ተርቦውን ለብቻው እንደ ዕቃ ለማቅረብ ተገደደ። በ1981 ደግሞ ተርቦ የተገጠመላት ካማሮ አወጣ፤ የተሠሩት 19 ብቻ ናቸው። ቀድሞ በአንድ የትዕዛዝ ወረቀት ይገኝ የነበረው ፊርማ፣ አሁን የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ምርመራ የሚጠይቅ ሆኖ ነበር።

ዶን ዬንኮ ማርች 5 ቀን 1987 ሴስና 210 አውሮፕላኑን እያበረረ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቻርልስተን አጠገብ ለማረፍ ሲሞክር አውሮፕላኑ ተከስክሶ አብረውት ከነበሩት ሦስት ተሳፋሪዎች ጋር ሕይወቱ አለፈ። 60 ዓመት ሊሞላው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶት ነበር።

የቀረው ወረቀት

ዬንኮ ሲሞት መኪናዎቹ ገና ያገለገሉ ዕቃዎች ነበሩ። ብዙዎቹ በውድድር ሜዳ ተሰባብረዋል፤ የአንዳንዶቹም ሞተር ወጥቶ ለሌላ መኪና ሆኗል። ቀስ በቀስ ግን በወጣትነታቸው እነዚህን መኪናዎች ተመኝተው ያላገኙ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ይፈልጓቸው ጀመር። ዋጋቸውም ወደ ላይ ወጣ። ሸቭሮሌት ራሱ በ2012 ለውድድር ብቻ የምትሆን ካማሮ ሲያወጣ ኮፖ የሚለውን ስም ሰጣት፤ የመጀመሪያውንም ዓመት ምርት በፍሬድ ጊብ ዘመን ቁጥር በ69 ወሰነው። አንድ ጊዜ የጓሮ በር የነበረው አሠራር በፊት ለፊት በር ገባ ማለት ነው።

ዋጋ ባለበት ደግሞ ማስመሰል አይቀርም። የ1969 ሸቭሮሌት የሻንሲ ቁጥር ሞተሩ ባለስምንት ሲሊንደር መሆኑን እንጂ መጠኑን አይናገርም። የዬንኮ መስመርና ምልክትም በገበያ ተሠርቶ ይገኛል። ስለዚህ ተራዋን ካማሮ የዬንኮ ናት ብሎ ለማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ቀለሙ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። አፍቃሪዎቹ የሚመረምሩት የመላኪያ ሰነዱን፣ የሽያጭ ደረሰኙንና በሞኖብሎኩ ላይ የተመታውን ምልክት ነው። የእጅ ማርሽ ላለው የኮፖ ካማሮ ሞተር ኤም ኤን፣ ለአውቶማቲኩ ኤም ኦ የሚሉ ፊደላት ይገኛሉ። ከዋናው ሰነዷ ጋር የተጠበቀች መኪና ከሰነድ አልባዋ ይልቅ ብዙ ዕጥፍ ታወጣለች።

የመኪናዎቹን እውነተኛነት ዛሬ የሚመሰክረው እንግዲህ ያን ጊዜ ያስገኛቸው ያው የትዕዛዝ ወረቀት ነው። ዬንኮ ከሌሎቹ የበለጠ ጎበዝ መካኒክ አልነበረም፤ ከነርሱ የበለጠ ኃይለኛ ሞተርም አልነበረውም። የነበረው በትልቅ ድርጅት ውስጥ የተኛን ሕጋዊ መንገድ አንብቦ የመረዳት ችሎታና፣ ጉልበትን ከነፍሬኑ፣ ከነራዲያተሩና ከነዋስትናው አንድ ላይ የማዘዝ ጥንቃቄ ነው። ይህን በተከተለበት ጊዜ መኪናዎቹ ለገዢውም ለፋብሪካውም ክብር ሆኑ። በኖቫ እንዳደረገው ይህን በተወበት ጊዜ ደግሞ እርሱ ራሱ የፈራው መኪና ከጋራዡ ወጣ። ሞተር ለውጡልኝ፣ ጉልበት ጨምሩልኝ የሚል ደንበኛ በየትኛውም አገር ጋራዥ በር ላይ ይቆማል። የካነንስበርጉ ሻጭ ሕይወት ለሙያው ሰው የሚያስታውሰው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲቀርብ ከመፍቻው አስቀድሞ መነሣት የሚገባው ለሥራው ማን ይፈርማል የሚለው ጥያቄ መሆኑን ነው።